ሰዓቷ ለቆመባት ሯጭ፦ የትኛውን መጽሐፍ፣ መቼ፣ እንዴት?

ጥያቄ፦ «የ21 ዓመት ሯጭ ነኝ። በ5000 ሜትር ምርጥ ሰዓቴ 17 ደቂቃ ከ05 ሰከንድ ነው፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ፈቀቅ አላለም። አሰልጣኛችን ጥሩ ሰው ናቸው፣ ግን ፕሮግራሙን ይሰጡናል እንጂ ለምን እንደሆነ አይነግሩንም። ሞራሌም ወርዷል። የሚያነሳሳኝም የሚያስተምረኝም መጽሐፍ ባነብ ብዬ አሰብኩ። ከየት ልጀምር? አንድ ብቻ አንብቢ ቢሉኝ የቱን ይላሉ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልነሳ። አንድ ብቻ ካልሽ የጃክ ዳንኤልስን «ዳንኤልስ ረኒንግ ፎርሙላ» አንብቢ። ሁለተኛ የምታነቢበት ጊዜ ካለሽ ማይልን ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠው ሮጀር ባኒስተር ስለ ራሱ የጻፈውን ጨምሪበት። የመጀመሪያው ያስተምርሻል፣ ሁለተኛው ያነሳሳሻል፤ በጥሞና ካነበብሽው ደግሞ ሁለተኛውም ያስተምራል። እነዚህን ለምን እንዳስቀደምኩ፣ ሌሎቹን ለምን ለኋላ እንዳቆየሁልሽ ረዘም አድርጌ እነግርሻለሁ፤ የሩጫ መጽሐፍ አነባበቡን ላላወቀበት ሰው ጉዳትም ያመጣልና። በእኔ ደርሷል።

በ20 ዓመቴ የአርተር ሊዲያርድ ልምምድ የተጻፈባቸው ጥቂት የተባዙ ገጾች እጄ ገቡ። ሊዲያርድ የኒው ዚላንድ ሰው ነው፤ በጫማ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ፣ ለሯጮቹ የሚያዘውን ልምምድ ሁሉ አስቀድሞ በራሱ እግር የሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሊምፒክ እሱ ያሰለጠናቸው ፒተር ስኔል በ800 ሜትር፣ መሪ ሃልበርግ በ5000 ሜትር በአንድ ቀን ወርቅ ወሰዱ፤ አበበ ቢቂላ ባሸነፈበት ማራቶን ደግሞ ሌላው ሯጩ ባሪ ማጊ ሦስተኛ ወጣ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ሊዲያርድ በ1962 ከጋርዝ ጊልሞር ጋር «ረን ቱ ዘ ቶፕ» የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። ከገጾቹ መካከል የእኔን ዓይን የያዘው አንድ ቁጥር ነበር፦ በሳምንት 100 ማይል፣ ማለትም ወደ 160 ኪሎ ሜትር። የ800 ሜትር ሯጭ ይህን ያህል ከሮጠ እኔ የ10,000 ሜትሩ ምን ያግደኛል አልኩ። በሳምንት 85 ኪሎ ሜትር ስሮጥ ከርሜ በአንድ ጊዜ 160 ውስጥ ገባሁ።

ሦስት ሳምንት ጥሩ ሮጥኩ። በአራተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ደረጃ ስወርድ ግራ ቅልጥሜን አንዳች ነገር ጠቅ አደረገኝ። ቁጭ ብዬ አጥንቱን በአውራ ጣቴ ከላይ ወደ ታች ዳበስኩት። ሁሉም ደህና ነው፤ አንዲት ሳንቲም የምታህል ቦታ ላይ ስደርስ ግን ትንፋሼ ቀጥ አለ። የአጥንት ስንጥቅ ነበር። የዚያ ዓመት ውድድር በዚያው አለቀ። እግሬ እስኪድን እነዚያኑ ገጾች መልሼ ሳነብ ከቁጥሩ በላይና በታች የተጻፈውን ያን ጊዜ ገና አየሁት። 160 ኪሎ ሜትሩ ለዓመታት ቀስ በቀስ ለገነቡ ሰዎች ነው። የታዘዘው ኪሎ ሜትር ለመደርደር ሳይሆን ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ እንዲሰፋ ነው። ከዚያ ዳገቱ ይመጣል፣ ከዳገቱ በኋላ የመም ፍጥነቱ። አንዱ ሌላውን እየተሸከመ የሚሄድ ሥራ ነው። እኔ ቁጥሩን ወስጄ ምክንያቱን እዚያው ገጹ ላይ ትቼው ነበር።

ከዚያ ወዲህ፣ ለራሴም ለማሰለጥናቸውም፣ የልምምድ መጽሐፍ ስንከፍት የምንጠይቀው ይህንን ነው፦ ይህ ቁጥር ለማን ተጻፈ? ምን እንዲያመጣስ ተፈለገ?

ዳንኤልስን ያስቀደምኩልሽ ይህንኑ ጥያቄ እሱ ራሱ ስለሚጠይቅ ነው። ሰውየው በዘመናዊ ፔንታትሎን (አምስት ስፖርት በአንድ የሚጣመርበት ውድድር) በ1956ና በ1960 ኦሊምፒክ ከቡድኑ ጋር ሜዳልያ ያገኘ፣ ኋላ የሰውነት እንቅስቃሴ ሳይንስ ምሁርና አሰልጣኝ የሆነ ነው። መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመው በ1998 ነው፤ ከዚያ በኋላ እየታደሰ ወጥቷል። አቋሙ ግልጽ ነው፦ «የዛሬው ልምምድ ዓላማው ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሌለው ልምምድ መሠራት የለበትም። ሩጫን በአምስት ይከፍለዋል፦ ቀላል ሩጫ፣ የማራቶን ፍጥነት፣ ትሬሽሆልድ፣ ኢንተርቫልና ሪፒቲሽን (ረጅም እረፍት ያለው አጭር ፈጣን ሩጫ)። እያንዳንዱ ሰውነት ውስጥ የሚሠራው ሥራ የተለየ ነው፤ ለእያንዳንዱም ከውድድር ሰዓትሽ ተነስቶ ፍጥነት ያወጣልሻል። ይህን የሚያገናኘው ቪዶት የሚለው ቁጥር ነው፤ ከውድድር ሰዓትሽ የሚሰላ የአቅም መለኪያ ማለት ነው።

በአንቺ እንየው። የአንቺ 17:05 በሰንጠረዡ ላይ ቪዶት 60 አካባቢ ያርፋል። ትሬሽሆልድሽ በኪሎ ሜትር ወደ 3:40 ይሆናል፣ ኢንተርቫልሽ ወደ 3:23። ትሬሽሆልድ ማለት ላክቴት፣ ጡንቻ በኃይል ሲሠራ የሚያወጣው ንጥረ ነገር፣ በደም ውስጥ ተከማችቶ ከመጨናነቁ በፊት ሰውነት ሊያስተናግደው የሚችለው ፍጥነት ነው፤ ከባድ ነው ግን ትንፋሽሽን አታጪም። 20 ደቂቃ ያህል ሳታቋርጪ ትሮጪዋለሽ፣ ወይም በአጭር በአጭር እረፍት ትከፋፍይዋለሽ። ኢንተርቫል ደግሞ ኦክስጅን የመውሰድ አቅምሽን ጫፍ ድረስ ወስዶ እዚያ ለማቆየት ነው። አንዱ ሩጫ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ እንዲሆን የሚለውም ጫፉ ላይ ለመድረስ ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ ነው። 1000 ሜትር ለአንቺ የሚስማማው ለዚህ ነው፤ በፍጥነትሽ 3 ደቂቃ ከምናምን ይፈጃል።

አሁን መም ላይ የሚሆነውን ልንገርሽ፤ በየሳምንቱ የማየው ነው። ፕሮግራሙ 5 ጊዜ 1000 ሜትር ይላል። አየሩ ጥሩ ነው፣ ከጎንሽ ከአንቺ የሚፈጥኑ ልጆች አሉ። የመጀመሪያውን በ3:14 ትገቢያለሽ። ሁለተኛውን በ3:16። ሦስተኛው 3:22 ይሆናል። በአራተኛው ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ መውጣት ይጀምራል፣ 3:31። አምስተኛውን በ3:37 ጨርሰሽ እጅሽን ጉልበትሽ ላይ ጥለሽ ትቆሚያለሽ። ማታ ደብተርሽ ላይ ስታሰይው አማካዩ 3:24 ነው፤ ያማረ ልምምድ ይመስላል። ነገር ግን ከአምስቱ የታሰበለትን ሥራ የሠራው ሦስተኛው ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሚያስፈልገው በላይ ፈጥነው ድካም ብቻ ጨመሩ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከዓላማው በታች ወረዱ። ዳንኤልስን ያነበበች ልጅ የመጀመሪያውን በ3:23 ስትገባ «ዘገየሁ» ብላ አትደነግጥም። ሥራው ያ መሆኑን ታውቃለችና።

ሌላም ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፤ መጠኑ። በአንድ ቀን የሚሠራው ኢንተርቫል ከሳምንቱ ጠቅላላ ኪሎ ሜትር 8 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ሳምንቱ ምንም ያህል ቢረዝም ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ይላል። 5 ጊዜ 1000 ለመሥራት እንግዲህ ሳምንትሽ ቢያንስ ወደ 63 ኪሎ ሜትር መድረስ አለበት ማለት ነው። በሳምንት 45 የምትሮጪ ከሆነ የጓደኛሽ ልምምድ ለአንቺ ይበዛል፤ ይህ ከሳምንትሽ የሚወጣ ስሌት ነው፣ ድክመት ብለሽ እንዳትቆጥሪው።

ስለ አሰልጣኝሽ አንድ ነገር ልበል። መጽሐፉን ይዘሽ ሄደሽ «እዚህ እንዲህ ይላል» እንዳትያቸው፤ ሰው ሁሉ ፊት ደግሞ በፍጹም። አሰልጣኝሽ አንቺን ያዩሻል፣ መጽሐፉ አላየሽም። ከልምምድ በኋላ ለብቻቸው ሲሆኑ «አሰልጣኝ፣ የዛሬው ሥራ ምን ላይ እንዲያግዘኝ ነው የፈለጉት? ገብቶኝ ብሠራው ደስ ይለኛል» በያቸው። እኔ ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ስጀምር ግን እንዲህ አልነበርኩም፤ «ለምን» የሚለውን ቃል እንደ ድፍረት እቆጥረው ነበር። አሰልጣኙ የማይናገረው ብዙ ጊዜ ጠያቂ ስላላገኘ ነው።

ከዳንኤልስ ቀጥሎ ለአንቺ ጉዳይ የሚቀርበው የማት ፊትዝጄራልድ «80/20 ረኒንግ» ነው፤ በ2014 የወጣ። የተነሳው ስቲቨን ሳይለር ከሚባል ተመራማሪ ሥራ ነው፤ ሳይለር በተለያዩ የጽናት ስፖርቶች ያሉ ታላላቅ ስፖርተኞች እንዴት እንደሚለማመዱ መዝግቦ አብዛኛው፣ ወደ 80 በመቶ የሚሆነው ሥራቸው ቀላል መሆኑን አሳይቷል። ሰዓታቸው ቆሞ ወደ እኔ የሚመጡ ልጆች ዘንድ ደጋግሜ የማገኘው ችግር ይህ ነው፦ ቀላሉን ቀን ያከብዱታል፣ ስለዚህ ከባዱን ቀን የሚያከብዱበት ጉልበት ያጣሉ። ሳምንቱ ሁሉ አንድ ዓይነት መካከለኛ ድካም ይሆናል። አንቺም እንደዚያ ልትሆኚ ትችያለሽ። ቀላል ሩጫሽ በኪሎ ሜትር 4:40 ወይም 5:00 ቢሆን ምንም አትሆኚም፤ እያወራሽ ልትሮጪው ይገባል። መጽሐፉ ራሱ ሐሳቡን ደጋግሞ ያለዋል፣ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ካነበብሽ ይበቃሻል።

አሁን ላልዘለው የማልፈልገው ነገር ላይ ደረስን። 21 ዓመት፣ ሴት፣ ሁለት ዓመት የቆመ ሰዓት። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ከፕሮግራሙ በፊት የምጠይቀው ስለ ምግብና ስለ ወር አበባ ነው። የአሜሪካ የ5000 ሜትር ሻምፒዮን የነበረችው ሎረን ፍሌሽማን በ2023 ያወጣችው «ጉድ ፎር ኤ ገርል» የሚለው መጽሐፍ ስለዚህ ነው። ልምምዱም የሚጠበቀው የዕድገት መስመርም በወንድ ልጅ አካል የተቀረጸ ነው ትላለች፤ የሴት ልጅ አካል ሲበስል ደግሞ ሰዓት ለጊዜው መቆሙ ወይም ወደኋላ መመለሱ የተለመደ ነው። አደጋው የሚመጣው ልጅቷ ይህን ሳታውቅ ስትቀር ነው፤ ክብደት ለመቀነስ ምግብ ትቀንሳለች፣ ወር አበባዋ ይዛባል ወይም ይቆማል፣ አጥንቷ ይሳሳል፣ ከዚያ ስንጥቅ ይመጣል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 ለዚህ የጉልበት እጥረት ስም ሰጥቶታል፤ ሬድ-ኤስ ይሉታል፣ ወንዶችንም ይይዛል። እባክሽ፣ ወር አበባሽ ለወራት ቀርቶ ከሆነ መጽሐፍ ፍለጋውን ትተሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ያ ምልክት «ጠንክሬ እየሠራሁ ነው» ማለት አይደለም። ይህን ሳያውቁ ሩጫ ያቆሙ ጎበዝ ልጆች አይቻለሁ፣ ዛሬም ያንገበግበኛል። እንዲህ ያለ ነገር ከሌለብሽም መጽሐፉን አንብቢው፤ በጊዜ መታወቅ ያለበት ነገር ነው።

ወደሚያነሳሳው ልሂድ። ሞራሌ ወርዷል ብለሻል።

ባኒስተር «ዘ ፈርስት ፎር ሚኒትስ» የሚለውን በ1955 ጻፈ፤ ማይልን ከ4 ደቂቃ በታች በመሮጥ የመጀመሪያው ከሆነ ከአንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሁሉም የሚያውቀው ግንቦት 6 ቀን 1954 በኦክስፎርድ የተመዘገበውን 3:59.4 ነው። እኔ ግን አንቺ እንድታነቢው የምፈልገው ከዚያ በፊት ያሉትን ወራት ነው። ባኒስተር የሕክምና ተማሪ ነበር፣ ለልምምድ የነበረው የምሳ ሰዓት ነው። ዋናው ሥራው 10 ጊዜ 440 ያርድ ነበር፣ አንድ ዙር ማለት ነው፤ በመካከሉ 2 ደቂቃ እረፍት። ዓላማው ዙሩን 60 ሰከንድ ማድረስ ነው። በክረምቱ ከ66 ሰከንድ ተነስቶ ቀስ እያለ 61 ደረሰ። እዚያ ቆመ። አንድ ሰከንድ ብቻ ቀርቶት ሳምንታት ቢለፋም እንቢ አለ። ምን አደረገ? ከጓደኛው ከክሪስ ብራሸር ጋር ስኮትላንድ ሄዶ ለጥቂት ቀናት ተራራ ወጣ። ሩጫ የሚባል አልነካም። ተመልሶ ሲሮጥ ዙሩን በ59 ገባ።

ይህን ክፍል ስታነቢ እርሳስ ያዢ። ታሪክ ሆኖ የተጻፈ የልምምድ ትምህርት ነው። ሰውነቱ ሥራውን ጨርሶ ነበር፤ የቀረው ድካሙ እስኪወርድ መጠበቅ ነው። 61 ላይ ተቸንክሮ የነበረው ባኒስተር እና 17:05 ላይ የቆምሽው አንቺ መልሳችሁ አንድ ላይሆን ይችላል፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። የሚጎድለኝ ሥራ ነው ወይስ እረፍት? የተራራውን ጉዞ ብቻ ይዘሽ እንዳትቀሪ ግን። ያ እረፍት የሠራው ወራት የተቆለለ ሥራ ከኋላው ስለነበረ ነው።

በዚሁ ታሪክ ውስጥ ጆን ላንዲ አለ፤ 4 ደቂቃን መስበር ሲሞክር የኖረው አውስትራሊያዊ። ባኒስተር በሰበረ በ46ኛው ቀን ላንዲ 3:57.9 ሮጦ ክብረ ወሰኑን ወሰደበት። ከዚያ በነሐሴ ቫንኩቨር ላይ ተገናኙ። ላንዲ እየመራ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ በግራ ትከሻው ዞር ብሎ ሲያይ ባኒስተር በቀኙ አለፈው። ሁለቱም ከ4 ደቂቃ በታች ገቡ። ይህን ሁሉ ከሁለቱም ወገን ማየት ከፈለግሽ የኒል ባስኮምብ «ዘ ፐርፌክት ማይል» አለ፤ ላንዲን የሚወድ ሰው ያን መጽሐፍ ይወደዋል። እኔ ላንዲን እወደዋለሁ።

ስለ ኤሚል ዛቶፔክ የተጻፈ ካነበብሽ የሪቻርድ አስክዊዝን «ቱዴይ ዊ ዳይ ኤ ሊትል» እመርጥልሻለሁ፤ በ2016 የወጣ። ዛቶፔክ በ1952 በሄልሲንኪ 5000፣ 10,000ና ማራቶን በአንድ ኦሊምፒክ አሸነፈ፤ ማራቶኑን ከዚያ በፊት ሮጦት አያውቅም። ስለ እሱ ሲወራ ሰው የሚያነሳው እጅግ ብዛት ያላቸውን 400 ሜትሮቹን ነው። እሱን ተዪው፤ የእኔን 160 ኪሎ ሜትር አስታውሺ። የሮን ክላርክን ነገር ግን ፈልጊና አንብቢ። ክላርክ በርካታ የዓለም ክብረ ወሰኖችን የሰበረ፣ ከኦሊምፒክ ግን ከ1964ቱ አንድ ነሐስ በቀር ይዞ ያልተመለሰ አውስትራሊያዊ ነው። በ1966 ፕራግ ሄዶ ሊመለስ ሲል ዛቶፔክ አንዲት የተጠቀለለች ትንሽ እቃ ሰጠው። በጉዞ ላይ ሳለ ሲፈታት የዛቶፔክ የ1952 የ10,000 ሜትር ወርቅ ሜዳልያ ናት። ዛቶፔክ የክላርክን ሥራ አይቶታል፤ መድረኩ ያልሰጠውን እሱ ሰጠው። ሞራል በወረደበት ቀን እኔን የሚያነሳኝ ይህ ታሪክ ነው፤ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም።

ሯጮች እርስ በርስ የሚቀባበሉት ልብ ወለድ የጆን ፓርከር «ዋንስ ኤ ረነር» ነው። ፓርከር ራሱ ማይል ሯጭ ነበር፤ መጽሐፉን በ1978 በራሱ ወጪ አሳትሞ ውድድር ቦታ ላይ ከመኪናው ኋላ እያወጣ ይሸጥ ነበር። ኩዌንተን ካሲዲ የሚባል ወጣት ከትምህርት ቤቱ ታግዶ ጫካ ውስጥ ብቻውን ሲለማመድ የሚተርክ ነው። ስለ ዕለት ተዕለት ድካም፣ ከሰው ስለ መራቅ፣ ስለ ሯጭ ረሃብና እንቅልፍ ይህን ያህል እውነት አድርጎ የጻፈ አላገኘሁም። ነገር ግን መጽሐፉ ውስጥ ካሲዲ 60 ጊዜ 400 ሜትር የሚሮጥበት ምዕራፍ አለ። ያን ምዕራፍ አንብቦ በማግስቱ መም ላይ የሚወጣ ወጣት ሁልጊዜ አይጠፋም። ልብ ወለድ ነው እህቴ። ደራሲው የጻፈው ሰው ራሱን የት ድረስ ሊወስድ እንደሚችል ለማሳየት ነው፣ ፕሮግራም አልሰጠሽም።

እንደ ልብ ወለድ የሚነበብ ግን እውነተኛ የሆነ ከፈለግሽ የክሪስ ሊር «ረኒንግ ዊዝ ዘ ባፋሎስ» አለ። ሊር በ1998 ከኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የአገር አቋራጭ ቡድን ጋር አንድ ሙሉ የውድድር ወቅት ቆይቶ የቀን ቀን ልምምዳቸውን መዘገበ። ያን ጊዜ አሰልጣኛቸው የነበረው ማርክ ዌትሞር የሊዲያርድን ሐሳብ የሚከተል ሰው ነበር። ከቡድኑ አንዱ ክሪስ ሴቨሪ በዚያው ወቅት በብስክሌት አደጋ ሞተ። አዳም ጋውቸር ደግሞ በወቅቱ መጨረሻ የአገሪቱን የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር አሸነፈ። እኔ ለወጣት ሯጮች የምሰጠው ለሌላ ነገር ነው፦ በየገጹ ማን እንደተጎዳ ቁጠሪ። ከፍተኛ ልምምድ የስንቱን እግር እንደሚበላ ምንም ሳይደብቅ ይታያል።

ውድድር ላይ ሐሳብሽ የሚያስቸግርሽ ከሆነ የዲና ካስተር «ሌት ዩር ማይንድ ረን» ጥሩ ነው። ካስተር ዩኒቨርሲቲ ስትጨርስ ሩጫን ልታቆም ጥቂት ሲቀራት ጆ ቪጂል ወደሚባሉ አሰልጣኝ ሄደች፤ በ2004 በአቴንስ ሙቀት ከኋላ ተነስታ አንድ በአንድ እያለፈች በማራቶን ነሐስ አገኘች። «አልችልም» የሚለውን ሐሳብ ስትይዘው በምን እንደምትተካው በዝርዝር ትጽፋለች። ይህም የሚለመድ ነገር ነው፤ በቀላል ሩጫ ቀን መለማመድ ይቻላል።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የአሌክስ ሃቺንሰን «ኢንዱር» ነው፣ የ2018። ሃቺንሰን ራሱ 1500 ሜትር ሯጭ ነበር፤ 4 ደቂቃ መስበር አቅቶት ሲታገል አንድ ቀን ሰዓት ጠሪው በስህተት ከእውነተኛው ፈጣን የሆነ የዙር ሰዓት ጠራለት። ከአቅሜ በላይ እየሮጥኩ ነው ብሎ ሰዓቱን መከታተል ተወና 3:52 ገባ። አቅሙ እዚያው ነበር ማለት ነው። የአቅም ጣራ ጡንቻ ላይ ነው ወይስ አእምሮ ውስጥ የሚለውን ክርክር ሁለቱንም ወገን ሳያዳላ ያቀርባል። ክርክሩን በሰፊው ያስነሳው ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ቲም ኖክስ ነው፤ የእሱ «ሎር ኦቭ ረኒንግ» መጀመሪያ በ1985 ወጥቶ ኋላ ላይ ከ900 ገጽ በላይ ሆኗል። ኖክስ የሚያነሳው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ጡንቻው በእርግጥ አልቆለት ከሆነ የመጨረሻው ዙር እንዴት ከሁሉም ይፈጥናል? አእምሮ ቆጥቦ ይዞ ነበር ይላል። ሁሉም ሳይንቲስት አይስማማም። ውድድር ላይ አይቼው ግን ጥያቄው ልክ ነው እላለሁ። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አያስፈልግሽም፤ አንድ ነገር ሲያጠራጥርሽ የምትገልጪው ነው።

የቀሩትን በአጭሩ። የፒት ፊትዚንገርና የስኮት ዳግላስ «አድቫንስድ ማራቶኒንግ» እጅግ ጥሩ ነው፣ ግን ማራቶን ስትጀምሪ። አሁን ከፊትዚንገር የምትፈልጊ ከሆነ ከፊሊፕ ላተር ጋር ከ5 ኪሎ ሜትር እስከ ግማሽ ማራቶን የጻፈው «ፋስተር ሮድ ሬሲንግ» ይበልጥ ይስማማሻል። የክሪስቶፈር ማክዱጋል «ቦርን ቱ ረን» ልብ ይሞላል፤ እሱን አንብበው ስስ ጫማ ወይም ባዶ እግር ላይ በአንድ ጊዜ የዘለሉ ሰዎች ባትና ተረከዝ ግን ምን እንደሆነ አይቻለሁ። ጃፓናዊው ልብ ወለድ ደራሲ ሙራካሚ ስለ ሩጫው የጻፈው ለደራሲ ይጠቅማል፣ ለተፎካካሪ ሯጭ ብዙም አይደለም። የማይክል ክሮውሊ «አውት ኦቭ ቲን ኤር» ደግሞ ያስገርምሻል። ክሮውሊ አንትሮፖሎጂስት ነው፣ አማርኛ ተምሮ ከኢትዮጵያ ሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ሮጧል፤ ቀላሉ ቀን ምን ያህል ቀላል እንደሆነና በቡድን መሮጥ ምን ማለት እንደሆነ ውጪ ቆሞ ያየ ዓይን ይነግርሻል።

አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። ዳንኤልስ አረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ አይከብድሽም፤ በሳምንት አንድ ምዕራፍ ይበቃል።

መቼ ማንበብ እንዳለብሽም ልንገርሽ፣ እኔ ዘግይቼ ነው የተረዳሁት። የልምምድ መጽሐፍ የሚነበበው ውድድር ባለቀበትና እረፍት ላይ ባለሽበት ጊዜ ነው። ያኔ ለቀጣዩ ወቅት ምን እንደምትለውጪ በሰከነ ልብ ታስቢያለሽ፣ ከአሰልጣኝሽም ጋር ታወሪያለሽ። ውድድር ሦስት ሳምንት ሲቀረው አዲስ የልምምድ መጽሐፍ አትክፈቺ፤ ያልሠራሽውን ሁሉ ያሳይሽና ያስደነግጥሻል፣ ያን ለማካካስ ትሞክሪያለሽ፣ ትጎጂያለሽ። ያን ጊዜ ዳንኤልስን ዝጊውና ባኒስተርን አውጪ። አንድ የማሰለጥናት ልጅ ከውድድሩ በፊት ባለው ማታ የምታነበው ያን የ1954 የንፋስ ክፍል ነው፤ ባኒስተር ቀኑን ሙሉ ንፋሱን ሲያይ፣ ልሩጥ አልሩጥ ሲል፣ በመጨረሻ ንፋሱ ረገብ ሲል። ሦስት ገጽ አትሞላም፣ ትዘጋውና ትተኛለች።

ለሚቀጥለው ወር የምጠይቅሽ ይህን ነው። ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ደብተርሽ ላይ ዓላማውን በአንድ መስመር ጻፊ፤ ካላወቅሽው አሰልጣኝሽን ጠይቂ። ከልምምድ በኋላ አማካዩን ሳይሆን የእያንዳንዱን ሩጫ ሰዓት ጻፊ፣ እንቅልፍሽንና ወር አበባሽንም እንዲሁ። አራት ሳምንት ሲሞላ የ5 ጊዜ 1000 ሜትርሽን ሰዓቶች በተርታ ላኪልኝ፤ ከዚያ ተነስተን ቀጥለን እናያለን።